የእትዬ ወንፊት ቀይ ነጥብ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ዛሬ ያለ ቀይ ነጥብ ሱቅ አይከፈትም፣ ጋብቻ አይጸድቅም፤ ሬሳ እንኳ መሞቱ በነጥብ ካልተረጋገጠለት ቀባሪ አያገኝም። የነጥብ ቤት አሥራ ሁለት ፎቅ አለው፤ ሦስቱ ፎቆች የተያዙት የቀሩት ዘጠኙ ምን እንደሚሠሩ በሚያጠኑ ሠራተኞች ነው። መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። አንገቷ መለል ያለ፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ ሴት ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንሥታለች። ከሥሩ «መሥራቿ እናታችን ነጥቡን በራእይ ሲቀበሉ» ይላል።

ውሸት ነው። ነጥቡ የመጣው ከጥፍር ቀለም ጠርሙስ ነው። ሴትዮዋም አንገቷ አጭር ነበር፤ አፍንጫዋም ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ግራ ያጋደለ ነው።

እትዬ ወንፊት ነበር የሚሏት። ያን ጊዜ ከተማው በክዳን ሥር መኖር ከጀመረ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ውጭ የሚነፍሰው አቧራ ሳንባ ስለሚያደርቅ፣ ሰዉ ሁሉ በሰማይ ፈንታ ግራጫ ጣሪያ እያየ ነበር የሚያድገው። በየቤቱ ከበሩ በላይ የአየር ሣጥን አለ፤ በሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ማራገቢያና ሰዉ «ወንፊት» የሚለው ማጣሪያ ይገኛል። ወንፊቱ ሲደፈን አየሩ ይሳሳል። የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ያዛጋል፣ ቀጥሎ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ ያለ ምክንያት ከሚስቱ ጋር ይጣላል፤ ማሳል ሲጀምር ነው ሣጥኑ ትዝ የሚለው።

እትዬ ወንፊት የአየር ጥገና ክፍል ተቀጣሪ ስትሆን፣ በአንድ ረጅም ሰፈር ውስጥ ያሉ ሁለት መቶ አርባ ሣጥኖች በእሷ እጅ ነበሩ። አሠራሯ ቀላል ነው። መሰላሏን ወጥታ ጉንጯን ወደ ሣጥኑ ታስጠጋለች፤ ደህና ወንፊት ጉንጭ ያቀዘቅዛል። ከዚያ መክደኛውን ፈትታ የወንፊቱን ጠርዝ በሻይ ማንኪያ መታ ታደርገዋለች። ንጹሕ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከተደፈነ ግን የረጠበ ካርቶን የመታች ያህል ድምፁ እዚያው ይቀራል። የተደፈነውን አውጥታ ታጥባለች፣ አድርቃ ትመልሳለች። በቃ። በዚህ ሥራ ላይ ራእይ የሚታይበት ጊዜም ቦታም የለም።

አንድ ጉድለት ነበረባት፤ ወሬ ነፍሷ ነው። መሰላል ላይ ሆና የጀመረችው ወሬ ሳያልቅ መሰላሉን ታጥፋለች፣ ወሬውን ጎረቤት ቤት ትጨርሳለች፣ ስትወጣ የትኛውን ሣጥን እንዳየች የትኛውን እንዳላየች ጠፍቶባት ታርፋለች። አንድ ቀን አንድ ቤት በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሄዳ፣ ባለቤቱ ጫማ ሰፊው «እትዬ፣ አየሩን ነው ወይስ እኔን ነው የምታዪው?» ብሎ ሰፈሩን አሳቀባት። በንዴት ቤቷ ገብታ መሳቢያዋን ስትበረብር ለሠርጓ ተገዝቶ አንድ ቀን ብቻ የተቀባችው ቀይ የጥፍር ቀለም እጇ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየችውን ሣጥን ጥግ በዚያ ቀለም ጠቅ እያደረገች ታልፍ ጀመር። ለማንም ብላ አይደለም፤ ለራሷ ማስታወሻ ነው።

ሰው ግን ሌላው ያገኘውን እሱ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። በሦስተኛው ቀን ያው ጫማ ሰፊ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ምን በድዬሽ ነው የሰዉን ሁሉ ቀብተሽ የእኔን የዘለልሽው?»

«ኧረ ገና አላየሁትም! ተራህ ነገ ነው።»

«ተራዬ ሲደርስ ታዪዋለሽ፤ ቀለሙን አሁን ጣል አድርጊልኝ። እንግዳ አለብኝ።»

ሳቀችና ከለከለችው። በማግሥቱ ሣጥኑን አይታ ቀባችለት። እሱ ግን «በሩ ላይም አንድ ጨምሪልኝ፣ እንዲያው ለውበት» አላት፤ ይሉኝታ ይዟት በሩንም ቀባችው። ይኸው ነው ጥፋቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በወሩ ነጥብ የሌለበት ክፍል ተከራይ አጣ፤ በዓመቱ አንዲት እናት የልጇን እጮኛ «መጀመሪያ እትዬ ወንፊት ትየውና» ብላ ይዛው መጣች። እትዬ ወንፊት ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ጉንጯን ልታስጠጋው አልደፈረችም። ግንባሩ ላይ ጠቅ አድርጋ ሸኘቻቸው።

መሰላሏን የሚይዝላት ዋርሳዋ ነበር፤ የሟች ባሏ ወንድም። ከፍታ ያዞረዋል፤ ከመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ካለፈ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ስለዚህ ከታች ቆሞ መያዝ እንጂ መውጣት አያውቅም። ታዲያ ከታች የቆመ ሰው እጁ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ደብተር ይገዛል። የተቀቡትን እየጻፈ ይመዘግብ ጀመር። ለደብተሩ ጠረጴዛ፣ ለጠረጴዛው ክፍል፣ ለክፍሉ ዘበኛ አስፈለገ።

አንድ ቀን እትዬ ወንፊት ነጥብ ያረፈበትን ሣጥን ብትከፍት፣ ባለቤቱ ወንፊቱ ላይ አሮጌ ካልሲዎቹን ጎስጉሶ አገኘችው። ደሟ ፈላ። መሰላሉ ላይ ሆና «ከእንግዲህ እኔ የቀባሁትን ሣጥን የከፈተ እጁ ይሰበር!» ብላ ጮኸች። ዋርሳዋ ከታች ሆኖ ጻፈው። አሥራ ሁለት ፎቁ የቆመበት የመጀመሪያው አንቀጽ ይኸው ነው፤ በኋላ የሕግ ባለሙያዎች አይተውት «እጁ ይሰበር» የሚለውን ጨካኝ ነው ብለው «ቤቱን ይነጠቅ» በሚል አሻሻሉት።

አሁን ወደ እህቷ እንምጣ፤ የነገሩ እሾህ ያለው እዚያ ነው።

ታናሽ እህቷ ሹራብ ሠሪ ናት። በአንዲት ክፍል ውስጥ ክር እየተረተረ፣ ክር እየተጠቀለለ፣ ብናኙ አየሩን ሞልቶት ስለሚውል፣ የእሷ ወንፊት ከማንም ቤት ወንፊት ቀድሞ ነው የሚደፈነው። እትዬ ወንፊት ይህን ስለምታውቅ በየወሩ ታየው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ መሰላሉ ላይ ወጥታ፣ መክደኛውን ከፍታ፣ ማንኪያዋን ሣጥኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ የእናታቸውን ቁም ሣጥን ነገር አነሣች።

«ቁም ሣጥኑን መቼ ነው የምትልኪልኝ? ለታላቅ ነው የሚገባው።»

«እማን ያስታመምኩ እኔ ነኝ፣ እትዬ። አንቺ የሰው ቤት ወሬ ስታስታምሚ ነበር።»

እውነት ስለሆነ አመማት። መክደኛውን ድርግም አድርጋ ዘጋች፣ ነጥቧን ጠቅ አደረገች፣ መሰላሏን ይዛ ወጣች። ወንፊቱን አላየችውም። ማንኪያዋም ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፋባትና ዋርሳዋን ስትጠረጥር ኖረች።

አራት ዓመት ተኳረፉ። በእነዚያ አራት ዓመታት ጉልበቷ መሰላል አልወጣም አላትና ጡረታ አስወጧት፤ «የክብር እናት» የሚል ወረቀትም ሰጧት። በእሷ ቦታ ባለ ቀይ ኮፍያ ቀቢዎች ተሾሙ። እነዚህ ሣጥን አይከፍቱም፤ የተቀባ አይከፈትማ! በየዓመቱ እየመጡ በነጥቡ ላይ ሌላ ነጥብ ደርበው፣ ባለቤቱን አስፈርመው ይሄዳሉ። ማንኪያ የሚይዝ አንድም የለም፤ የመሥራቿ ነው የተባለ ማንኪያ በነጥብ ቤት አንደኛ ፎቅ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የብር ነው፤ እጀታው ላይ አበባ ተቀርጾበታል። እትዬ ወንፊት በሕይወቷ የብር ማንኪያ ነክታ አታውቅም።

በአምስተኛው ዓመት ጫማ ሰፊው ቤቷ መጥቶ «እህትሽን ሳል ሊገድላት ነው፤ ኩርፊያችሁን ለሌላ ጊዜ አቆዩት» አላት። ነጠላ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ ሄደች። ታናሿ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። እትዬ ወንፊት ወደ ሣጥኑ ቀና አለች። ጉንጭ ማስጠጋት አላስፈለጋትም። ማራገቢያው ያቃስታል፤ አየር የሚባል ግን አይወጣም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ምን እንዳደረገች ያን ጊዜውኑ ገባት።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለቻት።

«ሣጥኑን አየና... ነጥብ አለው፣ ስለዚህ... ከአየሩ አይደለም አለ።»

«አንቺስ ዝም ብለሽ ትታፈኛለሽ? አትከፍችውም?»

«የእህቴ እጅ ያረፈበት ነው ብዬ... ተኳርፈንም ቢሆን... ያንቺን ሥራ አምናለሁ።»

እትዬ ወንፊት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቢላዋ ልታነሣ ስትል ታናሿ እጇን ያዘቻት። «ቤትሽን ይነጥቁሻል። ደግሞ... የራስሽ ቃል ነው። መጀመሪያ ነጥብ ቤት ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ እሱስ ያንቺ ቤት አይደለም እንዴ?» አለቻት። እንደዚያ ነው ብላ አመነች፤ ሄደች።

በር ላይ ያለው ዘበኛ በትልቁ ሥዕል ሥር ተቀምጦ መታወቂያ ጠየቃት። በእጇ ወደ ሥዕሉ አመለከተች። ዘበኛው ሥዕሉን አየ፣ እሷን አየ፣ አፍንጫዋን ለአፍታ አጠናና «እማማ፣ ሰልፉ በዚያ በኩል ነው» አላት። አንደኛው መስኮት ወደ አራተኛው ላካት። የአራተኛው መስኮት ሴትዮ ሣጥኑ መበላሸቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ጠየቀቻት።

«ማስረጃው ሣጥኑ ውስጥ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያው እሱን ይዘው ይምጡ።»

«ለመያዝ መክፈት አለብኝ።»

«መክፈት ክልክል ነው፤ መሥራቿ ራሳቸው ናቸው የከለከሉት» አለችና ሴትዮዋ ወደ ሥዕሉ አቅጣጫ አንገቷን ሰበር አደረገች። «እሳቸው ደግሞ ያለ ምክንያት አይናገሩም።»

«ያን ቀንስ ምክንያቱ ካልሲ ነበር» አለች እትዬ ወንፊት። የሰማት የለም።

በስድስተኛው ቀን የበላይ ጉባኤው ፊት ቀረበች። ሰብሳቢው ዋርሳዋ ነበር። ጉባኤው ዱሮ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ሰብሳቢውን እያዞረው ሲቸገሩ አዳራሹን ወደ ምድር ቤት አወረዱት።

«አመልካች ምን ፈልገው ነው?» አለ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

«አመልካች አልከኝ? መሰላል ስትይዝልኝ እትዬ አልነበር የምትለኝ?»

«እትዬ፣ እባክሽ፤ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይያዛ! ተሳስቻለሁ ብለህ አስይዝ። የእህቴን ሣጥን ሳላየው ነው የቀባሁት፤ ተናድጄ ነበር። ክፈቱላትና ወንፊቱን አጥባችሁ መልሱላት። ሌላ አንዲት ነገር አልፈልግም።»

ቀይ ከረባት ያሰረው የሕግ ክፍል ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነጥብ ያለ ምርመራ ተቀብቷል ካልን፣ ነገ ሰዉ ስለ ሁሉም ነጥብ ይጠይቀናል። በአንቀጽ አራት መሠረት መሥራቿ አይሳሳቱም» አለ።

«መሥራቿ እኮ እኔ ነኝ!»

«እርስዎ ተሳስቻለሁ ብለዋል። መሥራቿ ደግሞ አይሳሳቱም። እንግዲህ እርስዎ መሥራቿ አይደሉም ማለት ነው» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ደመወዙ ቢበዛ አይገርምም።

ጥያቄው ውድቅ ይሁን የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ሁሉም አወጡ። ዋርሳዋ ብቻ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጭምድድ አድርጎ ይዞ፣ የመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ እንደ ቆመ ጊዜ ዓይኑ ጨለመበት። እትዬ ወንፊት ትክ ብላ አየችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህን እኔም እመሰክርለታለሁ። ነገር ግን መውረድም እንደ መውጣት ያዞረዋል። እጁን አወጣ።

ወደ ቤት ስትመለስ ልቧ ተሰብሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያቺን ሥዕል በድብቅ ትወዳት ነበር፤ አንዳንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ የምትሄድ መስላ በዚያ በኩል አልፋ ታያት ነበር። መንገዱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ መጣ። መሥራቿ ካልሆነች የገዛ ቃሏን አፈረሰች የሚላት የለም። የምታጣው ቤቷን ብቻ ነው፤ ቤት ደግሞ እህት አይሆንም። ከጫማ ሰፊው መሰላል ተዋሰች፤ ለዚያች ጉልበቷ «ዛሬን ቻይልኝ፣ ነገ እንደፈለግሽ» ብላት ወደ እህቷ ሣጥን ወጣች።

ነጥቡ ከዓመት ዓመት ሲደረብ ኖሮ የካፖርት ቁልፍ አክሏል። በወጥ ቤት ቢላዋ ከሥሩ ፈነቀለችው፤ ተስፈንጥሮ አልጋው ሥር ገባ። መክደኛውን ፈታች። ወንፊቱ አይታይም፤ የአራት ዓመት የክር ብናኝ ተጋግሮበት፣ ሣጥኑ ራሱ ሌላ ሹራብ ሲሠራ የኖረ ይመስላል። እጇን ሰድዳ ስትጎለጉለው አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካች። ሳበችው። እጀታው የተጣመመ የሻይ ማንኪያ ነው።

«ማንኪያሽ!» አለች ታናሿ ከአልጋዋ ቀና ብላ።

«ዋርሳዬን ሌባ ስለው ነው የኖርኩት» አለች እትዬ ወንፊት። «ለነገሩ... ሌላ ጥፋት አጥቼለት አይደለም።»

ወንፊቱን በሳፋ ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ውሃው ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ በመጨረሻ ግራጫ ሆኖ ተደፋ። አድርቃ መለሰችው፤ በማንኪያዋ መታ አደረገችው። ጥርት አለ። ማራገቢያው አንዴ አስነጠሰና ለስለስ ብሎ ዞረ። የታናሿ ፊት ላይ ያለው ፀጉር ሲንቀሳቀስ አየችው።

ታናሿ ዓይኗን ጨፍና አየሩን በረጅሙ ሳበች። «ቁም ሣጥኑን ውሰጂው፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ፤ ሳታርፍ ነው የጨረሰችው።

«ምን ላደርግበት? ከነገ ጀምሮ የማስገባበት ቤት የለኝም።»

«እሱም እዚሁ ነው፣ አንቺም እዚሁ ነሽ። ልብስሽን አስገቢበት።»

የማራገቢያው ድምፅ በመስኮት ወጥቶ ኖሮ በሩ ተንኳኳ። ጫማ ሰፊው ነው፤ ከኋላው ሰባት ስምንት ጎረቤት ተደርድሯል። ሰልፍ ያዙ ያላቸው የለም፤ ለምደው ነው።

«እትዬ፣ እኔም ሚስቴን በየቀኑ እየተጣላኋት ነው» አለ ጫማ ሰፊው ድምፁን ቀንሶ። «ሣጥኔን ክፈችልኝ። ስትጨርሺ ደግሞ አንዲት ምልክት አድርጊበት፤ ቀይ ባይሆንም ግድ የለም።»

«አላደርግም!» አለች። «ምልክት የለም፣ ደብተር የለም። የገዛ ቤታችሁን የገዛ ጉንጫችሁን አስጠግታችሁ እዩት። ከቀዘቀዛችሁ ደህና ነው፤ ካልቀዘቀዛችሁ ክፈቱና እጠቡት። በቃ፤ ያለው ሚስጥር ይኸው ነው።»

ሰዎቹ ተያዩ። ትከሻቸው ላይ ትልቅ ሸክም የወደቀባቸው ይመስሉ ነበር። ጫማ ሰፊው መዳፉን ወደ ፊቱ አነሣ፤ አንዱን ጉንጩን ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ።

«በቀኙ ነው በግራው?»

«በሚያሳክክህ በኩል!» ብላ ጮኸችበት።

ከአልጋው ታናሿ ሳቋን ለቀቀችው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሳል ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው የሄደ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እትዬ ወንፊትም ወደ እሷ ዞራ አብራ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን በሩ ላይ የእርሳስ ድምፅ ሰማች። ከሰልፉ ሦስተኛ የቆመች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ «በሚያሳክክ... በኩል» እያለች ትጽፍ ነበር። ጽፋ ስትጨርስ በትሕትና ቀና አለች።

«ይቅርታ፣ እትዬ፤ ምኑንም ያላሳከከውስ?»